ጄራልዲን መብራቱን ይዛ ስትሄድ

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8

ትምህርት ቤት ከተከፈተ ሁለተኛ ሳምንት። በረንዳ ላይ ተቀምጬ አተር እፈለፍላለሁ። ተማሪዎቼ በበራችን ሲያልፉ "እንደምን አደሩ ሚስ ፒኖክ" ይላሉ። አራተኛ ክፍልን ማን እያስተማረ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። "ማንም" አሉ። ደስታቸው ልክ የለውም።

ከጁን ጀምሮ ታግጃለሁ። ለራሴ ደግሜ ልጻፈው፤ ስጽፈው ንዴቴ መስመር ይይዛል። የተማሪዎች ምሳ ዶሮ ከትምህርት ቤቱ ፍሪዘር ጠፋ። አንድ እሽግ እንኳ አልቀረም። የፍሪዘሩ ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱ እኔ ጋ ነው፤ ምሳውን የምቆጣጠረው እኔ ነኝና። ሌላው የቦርዱ ሰብሳቢ ዲያቆን ሎይድ ራትሬይ ጋ። ዲያቆኑ "እኔ አልወሰድኩም" አለ። እንግዲህ እኔ ወሰድኩ ማለት ነው። በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ደብዳቤ ተጻፈ፤ በወላጆች ስብሰባ ፊት ተነበበ። "እምነት ማጉደል" የሚል ቃል ነበረበት... ያስተማርኳቸው ልጆች እናቶች ፊት።

ጉዳዬ የሚታየው ዓርብ፣ በ19 ነው። ከተፈረደብኝ በዚህ ደሴት የትም ቦታ ጠመኔ አልይዝም። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ውኃ በላው ማለት ነው። ማስረጃዬ ምንድን ነው? ቃሌ። የእሱስ? ቃሉ። የሱ ቃል ግን ከረባት አስሯል።

አያቴ፣ ፓፓ፣ ቀኑን ሙሉ ስለ አቮካዶ ሲያወራ ዋለ። ዛፋችን ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል። አቮካዶ የበዛበት ዓመት ማዕበል አያጣውም ይላል። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ፍሬዎቹን በእጁ እየዳበሰ ነው የሚቆጥራቸው። ስታቲስቲክስ ተምሬያለሁ፣ ሁለቱ አይገናኙም አልኩት።

"አቮካዶው አልተማረም" አለኝ።


ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

አቮካዶው ልክ ነበር። ራዲዮው ዛሬ አረጋገጠ። አውሎ ነፋሷ ከምሥራቅ እየመጣች ነው፤ ከነገ ወዲያ ትደርሳለች። ስም ወጥቶላታል፦ ጄራልዲን።

የፖስታ ቤታችን ሹም ሚስ ጄራልዲን መከራዋን እያየች ነው። ቴምብር ልገዛ ገብቼ አየኋት። ሰው ሁሉ ሰልፍ የያዘው ለፖስታ አይደለም። አንዱ ስንት ሰዓት ትደርሻለሽ ይላል፤ አንዱ በእኛ በኩል ባታልፊስ ይላል። ባለ ሞተር መጋዙ ቡልጂ ደግሞ ፍየሉን እንዳትነካበት ሊማጸናት መጥቶ ነበር። እሷ ማኅተሟን ከመርገጥ ቀና አላለችም። ሥራዬ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ነው፤ ከዚያ ውጪ የሚመጣ ነፋስ የኔ አይደለም አለች።

ሳቅሁ። ከጁን ወዲህ ሰው መሃል ስስቅ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል።


ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 10

እጄ ምስማር ምስማር ይሸታል። መስኮቶቹን በጣውላ ዘጋን። በርሜሉን፣ ድስቶቹን፣ ባልዲዎቹን፣ እኔ በሕፃንነቴ የታጠብኩበትን ገንዳ ሳይቀር ውኃ ሞላን። ብስኩት፣ ሰርዲን፣ ክብሪት፣ የፋኖስ ጋዝ። ፓፓ የጣሪያው ቆርቆሮ በገመድ ካልታሰረ አልተኛም አለ። መሰላሉ ላይ እኔ፤ አዛዡ ከታች።

"ወደ ግራ" ይላል።
"የማን ግራ?"
"የጊልበርት ግራ።"

ጊልበርት በ88 የመጣው ማዕበል ነው። እኔ ገና አልተወለድኩም። ለፓፓ ግን ዓለም ሁለት ዘመን ነው ያላት፦ ከጊልበርት በፊትና ከጊልበርት በኋላ። ከኋላ በኩል ያለችውን ባለ ሲሚንቶ ጣሪያ ክፍል የሠራት ያኔ ነው። ሌላው ቤታችን ቆርቆሮ ነው።

መሰላሉ ላይ እንዳለሁ ዲያቆን ራትሬይ በፒክአፑ አለፈ። ከኋላ አዲስ ቀይ ጄኔሬተር ጭኗል፤ እንደ ሙሽራ ሸፋፍኖ። አቆመና አንገቱን አወጣ። ማዕበሉ ሲያልፍ ስልክ መሙላት ብፈልግ ቤቱ ክፍት እንደሆነ ነገረኝ። ድምፁ ማር ነው። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይጠላል? ...ይጠላል። ቀላል ነው።

"አመሰግናለሁ" አልኩት፤ "ስልኬ ሙሉ ነው። የጎደለብኝ ሌላ ነው።"

መስኮቱን ዘግቶ ሄደ። ፓፓ ከታች ሆኖ ምስማሩን በአፍሽ ከያዝሽው ነገር አይወጣሽም አለኝ።


ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 11

ጠዋት ሦስት ሰዓት። መብራት ሄደ። ራዲዮው በባትሪ ይሠራል፤ እሱም ሰላምታ ካቀረበልን በኋላ መንሿሿት ጀመረ።

አራት ሰዓት ተኩል። ከፓፓ ጋር ጠብ። ነፋሱ በማይመታበት በኩል አንድ መስኮት መከፈት አለበት ባይ ነው፤ የገባ ነፋስ መውጫ ካላገኘ ጣሪያውን ይዞ ይሄዳል ይላል። የአባቱ አባት ነግሮታል። መስኮት መክፈት ነው ጣሪያ የሚያስወስደው ብዬ ሥዕል ሥዬ አስረዳሁት... ሥዕል፣ ለማያይ ሰው! ጄራልዲን ውጪ ቆማ የምትጠብቀን ይመስል ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። ሲጸልይ መስኮቱን ዘጋሁት። ሽንት ቤት ስሄድ ከፈተው።

ስድስት ሰዓት። መጻፍ ያስቸግራል። ጩኸቱ ነፋስ አይመስልም፤ ከባድ መኪና በኮርኒሱ ላይ የሚነዱ ይመስላል። የሳሎኑ ቆርቆሮ ሄደ። አንድ በአንድ፣ ካርታ እንደሚጫወት ሰው ጣል... ጣል... ጣል። ገመዱ ግን ቀርቷል። ፓፓ ገመዱ መቅረቱን ስነግረው ኮራ።

ስምንት ሰዓት። ጸጥ አለ። ሰማዩ የታጠበ ሳህን መስሏል። ወፍ እንኳ ተሰማ። ፓፓ ይሄ የማዕበሉ ዓይን ነው፣ ግማሹ ይቀራል፣ እንዳትወጪ አለ። ያኔ በሩ ተንኳኳ።

ዲያቆን ራትሬይና ባለቤቱ ሚስ ለርሊን። እሱ ያለ ባርኔጣ፣ ያለ መነጽር፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በላስቲክ ጠቅልሎ ታቅፏል። እሳቸው የድስት ክዳን ጭንቅላታቸው ላይ በሻርፕ አስረዋል። ባለ ፎቁ ቤታቸው ጣሪያ የለውም። የዳቦ ፍሬው ዛፍ ጄኔሬተሩ ላይ ወድቋል። ሙሽራዋ አንድ ቀን ሳትሠራ።

በሩን ይዤ ቆምኩ። እውነቱን ልጻፍ፤ ለመዝጋት አሰብኩ። አንድ ትንፋሽ ያህል።

"ዲያቆን" አልኩ፤ "የዚህ በር ቁልፍ አንድ ብቻ ነው። እሱም እኔ ጋ ነው። አንድ ነገር ቢጠፋ ክርክር የለንም ማለት ነው።"

ሚስ ለርሊን እሱን አዩት፤ ከዚያ እኔን። እሱ መሬት መሬት አየ።

"ዴቪያ" አለ ፓፓ ከጓዳ፤ "ስድብሽን ሰዎቹን ካስገባሽ በኋላ ጨርሺው። ሁለተኛው ግማሽ እየመጣ ነው።"

አስገባኋቸው።

አሥራ አንድ ሰዓት። ሁለተኛው ግማሽ ባሰ። ከሌላ አቅጣጫ መጣና የቀረውን ለቀመ። አንድ አልጋ በምትይዘው የሲሚንቶ ክፍል አራት ሆነን ተጣበን። ፓፓ መዝሙር አስጀመረ። የዲያቆኑ ወፍራም ድምፅ ግሩም ነው፤ ይህም ያናድዳል። እኔ አልዘመርኩም። ሦስተኛው አንጓ ላይ ብቻ ትንሽ... ቀጭኑ ድምፅ ጎድሎ ነበርና።


ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 12

ሄደች።

ኮረብታው የተነጨ ዶሮ መስሏል። አንድ ቅጠል የለም። ከጓሯችን ባሕሩ ይታያል፤ ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ኖሬ አይቼው አላውቅም። ለፓፓ ምን እንደማይ አንድ በአንድ ነገርኩት። የማን ቤት ቆሟል፣ የማን ተኝቷል። የሞተ ሰው የለም። አቮካዶው ቆሟል፤ ፍሬው ግን የመንደሩ ሁሉ ሆኗል። ሁለቱ የውኃ በርሜላችን ውስጥ ተገኝተዋል።

የመብራት ምሰሶዎቹ መንገዱ ላይ ተኝተዋል። ቡልጂ እስከ ገና መብራት የለም ይላል። የትኛው ገና? እሱን አልተናገረም።

ራትሬዮች እኛ ጋ ናቸው። ቤታቸው በውኃ ርሷል። ሚስ ለርሊን ከነጋ የቤቱን ሳህን በሙሉ አጠቡ፤ ንጹሑንም። ያለ ሥራ መቀመጥ አይችሉም። ዲያቆኑ መነጽሩን ፍለጋ ግቢውን በእጁ ሲዳብስ ዋለ። የቡልጂን ፍየል "እንደምን ዋልሽ እህት ማቪስ" አላት። ፍየሏ መለሰችለት።


ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 13

ሁሉም ሰው ፍሪዘሩን ከፍቶ እያሸተተ ነው። መብራት በሄደ በሦስተኛው ቀን ሥጋ ወይ ይበላል ወይ ይቀበራል። ስለዚህ ነገ ጀልባ ነው። ተወስኗል።

ጀልባ የምንለው ሁሉም ያለውን አምጥቶ አንድ ድስት ውስጥ የሚጥልበትን ነው። የትም የሚደረግ ነገር ነው፤ የእኛ መንደር ግን አንድ ሕግ ጨምራበታለች። ጀልባ ውስጥ የገባ ነገር ከየት መጣ ተብሎ አይጠየቅም፤ ከተበላም በኋላ አይወራም። ፓፓ ልጅ ሳለ አንድ ሰው ስለ አንድ ፍየል ጠይቆ ሦስት ቤተሰብ ዘጠኝ ዓመት ሳይነጋገር ኖሯል።

ዲያቆኑ በጠዋት በእግሩ ወደ ከተማ ወረደ፤ ለጣሪያ የሚሆን ሸራ ፍለጋ። መንገዱ ስለተዘጋ የሚመለሰው ነገ ነው። ሲሄድ ሚስ ለርሊንን እሱ እስኪመጣ የቤታቸውን ፍሪዘር እንዳይከፍቱ አዘዛቸው። እሳቸው እሺ አሉ። በሩን ከወጣ በኋላ ግን ወደኔ ዞረው "ሥጋ ባል አይጠብቅም" አሉኝ።


እሑድ፣ ሴፕቴምበር 14

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ስለሌለው ስብከቱ አጭር ነበር፤ ፀሐይ ሰባኪን ታሳጥራለች። ከዚያ መንገዱ መሃል ሦስት ድንጋይ ጎለትን። መኪና አያልፍ፤ ማን ይከለክለናል? ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ድስታችን ሆነ። ቡልጂ ከጓሮው የቆፈረውን ቦዬ አመጣ። ሚስ ጄራልዲን ጨው የበላ የአሳማ ጅራት ይዛ መጣች፤ ላደረሰችው ጉዳት ካሣ ነው ተብሎ ተሳቀባት። ሌላው ሙዝ፣ ሌላው ኮኮነት። እኔ ከእሳቱ አጠገብ ነኝ፤ ቅመሙን የምይዘው እኔ ነኝ። ከጁን ወዲህ ዓይኔን አይተው የማያውቁ ሴቶች ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ ይሉኛል። ደስ ይል ነበር...

ሚስ ለርሊን ካሪዮላ እየገፉ መጡ። በእርጥብ ፎጣ ተሸፍኗል። ገለጡት። አሥራ አንድ እሽግ ዶሮ፤ ዳር ዳሩ ቀልጦ መሃሉ ገና በረዶ የያዘ። ሰው አጨበጨበ። አንዱን አነሳሁ፤ ልፈታው።

ነጭ ፕላስተር። በጥቁር ማርከር፦ "4ኛ ክፍል፣ ማክሰኞ፣ ጁን 17"።

የኔ ጽሕፈት።

ሁለተኛውን አነሳሁ። የኔ። ሦስተኛውን። የኔ። ሚስ ጄራልዲን አጠገቤ ሙዝ እየላጠች ነበር፤ ቢላዋዋን አቆመች። ዝቅ ባለ ድምፅ ሃያ ዓመት የመንደሩን ፖስታ ስትለይ እንደኖረች፣ በዚህ ኮረብታ ላይ ሰባት ቁጥርን በሰረዝ ቀበቶ የምታስታጥቅ አንዲት ሴት ብቻ እንደምታውቅ ነገረችኝ።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? አንዱን እሽግ ለዓርብ ማስቀመጥ? በረዶ በሌለበት አገር እስከ ዓርብ ራሱ ተነስቶ ይመሰክር ነበር። ዝም ማለት? ሕጉ ዝም በይ ይላል። ሦስት ወር ሙሉ ዝም ብያለሁ።

"ሚስ ለርሊን" አልኩ፤ "ይሄ ዶሮ ከየት መጣ?"

ማንኪያው ሁሉ ቆመ። ቡልጂ ጀልባ ላይ አይጠየቅም አለኝ፤ በቁጣ ሳይሆን እንደሚለምን ሰው። አውቃለሁ፣ ጠየቅሁ አልኩት።

ሚስ ለርሊን እሽጉን ተቀበሉኝ። ክንዳቸውን ዘርግተው አራቁትና አነበቡ። እንደገና አነበቡ። ከዚያ የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አሉ።

"ሎይድ ከከተማ ገዛሁት ብሎኝ ነበር" አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ "ባሏ ያመጣውን ዶሮ በመነጽር የምታይ ሴት ማን አለች?"

እሽጎቹን አልለቅም ብዬ ቆምኩ፤ ሁሉንም በክንዴ ሰብስቤ፤ ውኃቸው በቀሚሴ ላይ እየወረደ። አንድ ሰው የሚወስድብኝ ይመስል። ፓፓ በከዘራው መንገዱን እየነካ መጣ።

"ዴቪያ፣ ጽሑፉ ያንቺ ነው" አለ። "ዶሮው የልጆቹ ነው። ልጆቹ ደግሞ ይኸው እዚህ ሳህን ይዘው ቆመዋል።"

ዞር ብዬ አየሁ። እውነቱን ነው። አራተኛ ክፍል ግማሹ እዚያ ነበር።

ፕላስተሮቹን አንድ በአንድ ላጥኳቸው። የማስቀምጥበት ስላጣሁ ግራ ክንዴ ላይ ለጠፍኳቸው፤ ከእጄ አንጓ እስከ ክርኔ። አሥራ አንድ። ዶሮው ድስት ገባ። የከሪ ወጡን ራሴ ቀመምኩት፤ እንደዛሬ ጣፍጦልኝ አያውቅም።

ዲያቆኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሸራ ተሸክሞ ደረሰ። መነጽር የለውም፤ አፍንጫ ግን አለው። ጣፋጭ ሽታ ነው አለ። ሚስ ለርሊን ተነስተው ሳህን አነሱ። ቦዬ። ሙዝ። የሊጥ ድቡልቡል። መረቅ። ሰጡት። ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየው። በማንኪያ ፈለገ።

"ለርሊን፣ ሥጋ ረስተሻል።"

"አልረሳሁም" አሉ።

ይኸው ብቻ። ከዚያ ቀና ሲል የኔን ክንድ አየ፤ ነጩን ከቅርብ አየው። ቦዬውን እስከ መጨረሻው በላ። እኔ ሁለት ብልት በላሁ።


ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 15

ፕላስተሮቹን ከክንዴ ላይ አንስቼ እዚህ ደብተር የኋላ ገጽ ላይ ለጠፍኳቸው። ፀጉሬንም ይዘው ወጡ።

ልብስ ሳጥብ ዲያቆኑ መጣ። ነገሩን እናብርደው አለኝ። ማዕበሉ ስንቱን ወረቀት ወስዷል፣ ደብዳቤውንም ወሰደው እንበል፤ በጃንዋሪ ያለ ኮሽታ ወደ ክፍልሽ ትመለሻለሽ። ልዋሽ አልችልም፤ ተፈተንኩ። ሸሚዙን ሁለት ጊዜ እስክጨምቅ ድረስ ተፈተንኩ። ክፍሌ... ጠመኔዬ...

ደብዳቤው በሰው ፊት ነው የተነበበው፣ የሚመለሰውም በሰው ፊት ነው አልኩት።

ድምፁ ማሩን ተወ። "ዴቪያ፣ ፕላስተር አፍ የለውም። ጀልባ ላይ የሆነ ነገር ደግሞ ቦርድ ፊት አይወራም። ማን ይመሰክርልሻል?"


ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 16

ልክ ነው። ማንም።

ቡልጂ አንገቱን አከከ። ያየሁትን አይቻለሁ፣ ግን ጀልባ ነበር አለ። ሚስ ጄራልዲን ጽሕፈቱ ያንቺ ነው ብዬ እምላለሁ፣ ከማን ካሪዮላ እንደወጣ ግን አትጠይቂኝ አለችኝ። ተናደድኩ። የተማረ ሰው አገር ቢሆን... የቱ አገር ነው እሱ?

የቀሩት ሚስ ለርሊን ናቸው። ሕጉ የራስን መዋጮ ማውራት አይከለክልም፤ ዶሮው የሳቸው ስለሆነ ማውራት የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ልጠይቃቸው? ፓፓን አማከርኩት። ጣሪያ የሌለውን እንግዳ እምቢ ሊልሽ የማይችለውን ነገር አትጠይቂውም አለ።

አልጠየቅሁም። ጥርሴን ነክሼ።


ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 17

ሚስ ለርሊን ዛሬም ንጹሑን ሳህን አጠቡ። ውኃ ለመቅዳት አብረን ወረድን፤ ስለ አየሩ አወራን። አየሩ ጥሩ ነው።


ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 18

የነገውን ንግግሬን ሦስት ገጽ ጽፌ ጨረስኩ። ለፓፓ አነበብኩለት። ጥሩ ነው፣ ስድቡን ብታወጪው አንድ ገጽ ይሆናል አለ።

ማታ እራት ላይ ሚስ ለርሊን ነገ የትኛውን ባርኔጣ ቢያደርጉ እንደሚሻል ጠየቁኝ። ከማዕበሉ የተረፈው ሐምራዊው ብቻ ነው።

"እንግዲያው እሱን" አልኩ።

"እኔም እሱን አስቤ ነበር" አሉ። ዲያቆኑ ብስኩቱን በሻይ ነክሮ ረሳው።


ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 19

በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ በፀሐይ፣ የተማሪ ወንበር ላይ። የጎልማሶች ጉልበት እስከ አገጭ። ርዕሰ መምህሯ ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ መጥታለች፤ ሌሎቹ ሁለት የቦርድ አባላትም ጭቃ በጭቃ ናቸው። መንደሩ በሙሉ አጥሩ ላይ ተደግፏል። መብራት ስለሌለ የሚታይ ሌላ ነገር የለም።

ዲያቆኑ መብራት እስኪመለስ ጉዳዩ ይቆይ ብሎ ጠየቀ። ርዕሰ መምህሯ እስከዚያ ጡረታ እወጣለሁ አለችው። እንግዲያው እንደ ደንቡ ሰብሳቢው ክሱን ያንብብ ተባለ።

ደብዳቤውን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። አራቀ። መነጽር የለ። አንብብልኝ ብሎ ወደ ቡልጂ ዘረጋው፤ ቡልጂ ኮረብታውን አየ። ወደ ሚስ ጄራልዲን ዘረጋው፤ የመንደሩን ደብዳቤ ሁሉ የምታነብ ሴት ናት።

"ዛሬ ፖስታ ቤት ዝግ ነው" አለች።

ሚስ ለርሊን ተነሱ። ሐምራዊው ባርኔጣ ላባው ተሰብሮ ወደ ጎን ተኝቷል። ከቦርሳቸው የራሳቸውን መነጽር አወጡ፤ ጠረጉት፤ አደረጉት። ደብዳቤውን ከእጁ ወሰዱና ማንበብ ጀመሩ። እንደ ቤተ ክርስቲያን ንባብ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለዩ። "...የትምህርት ቤቱ ንብረት የሆነውን ዶሮ ለግል ጥቅሟ..." ሲደርሱ ቆሙ።

"ይሄን ዶሮ ከጁን ጀምሮ እሑድ እሑድ የበላሁት እኔ ነኝ" አሉ። "እኔና ሎይድ። ጀልባው ላይ የጣልኩትም እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የማወራው የራሴን ነው። ከዚህ በታች ያለውን አላነብም። ውሸት ነው።"

አጥፈው መለሱለት። ተቀመጡ። ወንበሩ ጮኸ።

ዲያቆኑ ደብዳቤውን እንደገና አጠፈው። "ልጅቷ አልወሰደችም" አለ በመጨረሻ።

አጥሩ ሁሉ ተነፈሰ። ፓፓ ቀሚሴን ያዘኝ፤ ልነሳ እንደሆነ ያውቃል። ተነሳሁ። ሦስቱ ገጽ እጄ ላይ ነበር፤ አላየሁትም።

"ማን ወሰደ?"

"ዴቪያ..."

"ማን ወሰደ፣ ዲያቆን?"

"እኔ" አለ።

ከዚያ ሁሉም ወጣ። በጁን መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ነበር። ዶሮው እንዳይበላሽ ሌሊት... አይ፣ ምሽት ላይ ነው ያለው፣ ወደ ቤቱ ፍሪዘር አዛወረው። ያኔ አሮጌው ጄኔሬተሩ ይሠራ ነበር። ሊመልሰው ነበር። ግን ለማንም አልተናገረም፤ ሚስቱም ማብሰል ጀመረች፤ ገዛሁት አላት፤ ቆጠራ መጣ፤ ሲጠየቅ አፈረ። ካፈረ በኋላ እኔን ማለት ቀለለው።

ለማዳን ነው የወሰደው! ይሄ ሁሉ... በጁን አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። እሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ስለከበደው እኔ ሦስት ወር አተር ፈለፈልኩ።

ርዕሰ መምህሯ በእርሳስ ጻፈች። ክሱ ተነሳ። ዲያቆኑ ሰብሳቢነቱን ለቀቀ። የኔ ንጽሕና እሑድ በወላጆች ፊት ይነበባል። እደንሳለሁ ብዬ ነበር። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ በጠራራ ፀሐይ ተኛሁ።


እሑድ፣ ሴፕቴምበር 21

ተነበበ። ያነበቡት ሚስ ለርሊን ናቸው። ልማድ ሊያደርጉት ነው።


ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 22

አራተኛ ክፍል። ግማሹ ጣሪያ፣ ግማሹ ሰማይ። ከሠላሳ አራቱ ሠላሳ አንዱ መጡ። መብራት የለም፤ ሰሌዳው ረጥቦ ጠመኔ አይቀበልም። ማንም ደስተኛ መስሎ አልታየኝም፤ እንግዲህ አስተማሪ አግኝተዋል።

ዲያቆን ራትሬይ ከጠዋት ጀምሮ ጣሪያው ላይ ነው። ማንም አልጠራውም። መሰላሉንና ሸራውን ይዞ መጣ። የፓፓን አሮጌ መነጽር ተውሷል፤ ከአምስቱ ምት ሁለቱ ምስማሩን ያገኛል። እሱ ወደ ጣሪያ አልባው ቤቱ ተመልሷል፤ ሚስ ለርሊን ግን ገና እኛው ጋ ናቸው። መቼ እንደሚመለሱ አልጠየቅሁም፤ እሱም የደፈረ አይመስለኝም።

ክፍልፋይ ልጀምር ስል ታኒሻ እጇን አወጣች። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠዋ፣ ነገር የማታሳልፈዋ።

"ሚስ፣ ዶሮአችንን የሰረቀው ዲያቆን ነው አሉ። እውነት ነው?"

ከላይ መዶሻው ቀጥ አለ። ሠላሳ አንድ ልጅ ወደ ሸራው አንጋጠጠ። የሰውየው ጥላ እዚያ ላይ ተንበርክኳል፤ አይንቀሳቀስም።

ሦስት ወር ሙሉ ይህን ጥያቄ ሰው ፊት የሚጠይቀኝ ፍለጋ ኖሬያለሁ። መልሱም ዝግጁ ነበር፤ ሦስት ገጽ፣ ስድቡ ሳይወጣ። አፌ ላይ መጣ። እዚያው ቆየ።

"ገጽ ዘጠኝ" አልኩ።

መጻሕፍቱ ረጥበው ስለተጣበቁ ለመግለጥ ጊዜ ወሰደባቸው። ትንሽ ቆይቶ ከላይ አንድ ምት ተሰማ፤ ከዚያ ሌላ።